የጨረቃውን ሮኬት ለማየት ፍሎሪዳ ድረስ ነድተን ባዶ እጃችንን ተመለስን፤ ቅዳሜ ደግመን እንሂድ?

አባ_ጉዞ | ነሐሴ 24፣ 2014

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። ነገሩ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

የምኖረው አትላንታ ነው። በሮኬት ያበደ የ10 ዓመት ልጅ አለኝ። ግድግዳው ሮኬት፣ ፒጃማው ሮኬት፣ የምሳ ዕቃው ሮኬት። እናቴ ደግሞ ከአዲስ አበባ መጥታ እኛ ጋ ናት። አርጤምስ የተባለው የናሳ የጨረቃ ሮኬት ሰኞ ጠዋት 2፡33 ላይ ይወነጨፋል ሲባል (በሐበሻ ሰዓት ነው የምጽፈው) እሁድ ከቅዳሴ መልስ ሁለቱንም መኪና ውስጥ አስገብቼ ነዳሁ። ባለቤቴ ሥራ ስለነበረባት ቀረች። 7 ሰዓት መንገድ ነው። እናቴ ለሽንት አራቴ ስታስቆመን ደግሞ 9።

ቲቱስቪል ስንደርስ መሽቷል። ወንዙ ዳር ሰው ድንኳን ተክሎ፣ ወንበር ዘርግቶ፣ ለጥምቀት ጃንሜዳ ያደረ ነው የሚመስለው። እኛም ሣሩ ላይ ጋቢ አንጥፈን አደርን። ትንኝ በላን። ሲነጋ ሮኬቱ ከውኃው ማዶ የክብሪት እንጨት አክሎ ታየ። ልጄ በባይኖኩላር ላይ ተጣብቆ ቀረ።

2፡33 ሆነ። ምንም የለም። አጠገባችን የነበረ ሰውዬ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ቆየና "ስክራብ" አለ። ልጄ ቃሉን ያውቀዋል። ምንም አልተናገረም፤ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ማሰር ጀመረ። እናቴ "ምን አሉ?" አለችኝ። "ዛሬ ቀርቷል፣ አንዱ ሞተር በደንብ አልቀዘቀዘም" አልኳት። "ሞተር ሲሞቅ አይደል እንዴ የሚነሳው?"

ለሰኞ ማታ የያዝኩት ሆቴል ስሰርዝ ገንዘቤን አልመልስም አለ። አሁን ቅዳሜ ከቀኑ 8፡17 ላይ እንሞክራለን እያሉ ነው። ያውም የሌበር ዴይ በዓል ሰሞን፣ ዋጋው እሳት በሆነበት። ልጄን ስጠይቀው "በቃ በስልክ እናየዋለን" አለኝ። አንጀቴን በላው። ደግሜ ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ?

ጋሽ_ታክሲ | ነሐሴ 24

ልጄ፣ እንኳን በሰላም ተመለሳችሁ። እኔ ኦርላንዶ ስኖር 24 ዓመቴ ነው፤ አብዛኛውን ኤርፖርት ታክሲ ስነዳ ነው የጨረስኩት። ከዚያ ዳርቻ ሲነሳ ያየሁትን ቆጥሬ አልዘልቀውም። ያላየሁትን ግን አልረሳም።

በፈረንጅ 2009 ነው። ኢንደቨር የምትባለዋ መንኮራኩር ሰኔ ላይ ሁለት ጊዜ ሃይድሮጂን አፈሰሰች ተብሎ ቀረች። ሐምሌ ላይ ደግሞ በመብረቅና በደመና ምክንያት ሦስት ቀን በተከታታይ ቀረች። አምስቱንም ጊዜ ሄጃለሁ። ባለቤቴ "እዚያ ሌላ ቤት ሳይኖርህ አይቀርም" ማለት ጀምራ ነበር። በስድስተኛው "ዛሬስ አልሸወድም" ብዬ ሥራ ገባሁ። ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ ኤርፖርት ተራዬን ስጠብቅ በስተምሥራቅ ነጭ ጭስ ወደ ላይ ሲሳብ አየሁ። ሄደች። ከፊቴ የነበረው የሄይቲ ሰው ከመኪናው ወርዶ አጨበጨበ። እኔ መሪዬን እንደጨበጥኩ ቀረሁ።

ስለዚህ ምክሬ ይኸውልህ። ሮኬት ልይ ብለህ አትምጣ። ዘመድ ልትጠይቅ ና፣ ባሕር ልታሳያቸው ና። ሮኬቱ ከሄደ ምራቂ ነው። ልጁንም "ነገ እናያለን" አትበለው። "ነገ ሊሞክሩ ነው፣ እኛም ልንሞክር ነው" በለው።

ሆቴል ቲቱስቪል ውስጥ አትያዝ። በዚያ ሰሞን ዋጋው ሦስት እጥፍ ነው። ኦርላንዶ እደር፣ ሌሊት ተነስተህ አንድ ሰዓት ንዳ። እስከዚያው ቀን ድረስ በነጻ የሚሰረዘውን ብቻ ያዝ። ትንሽ ቢወደድም ያ ነው የሚያዋጣህ።

ነርሷ | ነሐሴ 24

እኔ ስለ ሮኬት አላውቅም፣ ስለ ፈረቃ ግን አውቃለሁ 😄 ሲልቨር ስፕሪንግ ሆስፒታል ውስጥ ነው የምሠራው፤ ፈቃድ መለመን ምን እንደሆነ ስለገባኝ ነው የምናገረው።

ወንድሜ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ መልስልኝ። ባዶ እጅህን ስንት ጊዜ ለመመለስ አቅም አለህ? ቤንዚኑን፣ ሆቴሉን፣ የቀረህበትን የሥራ ቀን ሁሉ ደምርና ቁጥሩን ዛሬ ወረቀት ላይ ጻፈው። ወንዙ ዳር ቆመህ ልጅህ ዓይን ዓይንህን እያየህ ከወሰንክ ገና ትከስራለህ። ሰው ቁማር ቤት የሚከስረው እንደዚያ ነው።

አባ_ጉዞ | ነሐሴ 24

ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። የመሪው ነገር አሳዘነኝም አሳቀኝም። ነርሷ፣ ከባለቤቴ ጋር ተነጋግረን ጻፍነው። ሦስት። የመጀመሪያዋ ትቆጠራለች፣ ስለዚህ ሁለት ቀርቶኛል።

የጉርድ_ሾላው | ነሐሴ 25

የናሳ ዋና ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ራሱ አንዱ በረራ 4.1 ቢሊዮን ዶላር ይፈጃል ብሎ ለምክር ቤት ተናግሯል። ያውም ሮኬቱ አንዴ ከሄደ አይመለስም። አንድ ጊዜ ተጠቅመው ለሚጥሉት ነገር እናንተ ደግሞ ቤንዚን ታቃጥላላችሁ። ሰው ሥራ ፈታ!

ነርሷ | ነሐሴ 25

ሠርግም አንድ ጊዜ ተጠቅመው የሚጥሉት ነው፤ ትሄዳለህ አይደል?

የጉርድ_ሾላው | ነሐሴ 25

ሠርግ ላይ ክትፎ አለ።

ኬሚስትሪ_11ኛ | ነሐሴ 25

ደብረ ብርሃን 11ኛ ክፍል ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ለእማማ ጥያቄ መልስ ላምጣ፣ ጥያቄያቸው ከብዙ ተማሪዎቼ ይሻላልና።

ሞተሩ የሚጠጣው ፈሳሽ ሃይድሮጂን ከዜሮ በታች 253 ዲግሪ ነው። ሞተሩ በነሐሴ ሙቀት እንደተቀመጠ ያ ፈሳሽ ድንገት ቢገባበት፣ ሙቅ ብርጭቆ ላይ በረዶ ውኃ እንደማፍሰስ ነው። ስለዚህ ቀድመው ትንሽ ትንሽ እያሳለፉ ያቀዘቅዙታል። ሰኞ ዕለት ከአራቱ ሞተሮች ሦስቱ ሲቀዘቅዙ ቁጥር 3 የሚባለው በሚፈለገው ልክ አልቀዘቀዘም የሚል ንባብ መጣ። አሁን የሚጠረጥሩት ሞተሩን ሳይሆን የሙቀት መለኪያውን ነው። ጋሽ ታክሲን ደስ የሚላቸው ደግሞ ይኸውና፦ አራቱም ሞተሮች ድሮ በመንኮራኩሮቹ ላይ የበረሩ ናቸው። አሮጌ ወዳጆችዎ ናቸው።

"ለምን በማግሥቱ አይሄድም?" ለሚለውም፦ ጨረቃ ትንቀሳቀሳለች። የምድር ዙረትና የጨረቃ ቦታ የሚገጥሙት ሁለት ሳምንት ያህል ነው፤ ከዚያ ሁለት ሳምንት ያህል ዝግ ነው። በክፍቱ ሰሞንም በየቀኑ የሚሰጣቸው ቢበዛ የሁለት ሰዓት ያህል ዕድል ነው። ያቺ ካለፈች ለዚያ ቀን አለቀ።

አንድ ሰው የሚሳሳትበት ነገር ልጨምር። የአየር ትንበያው "80 በመቶ ጥሩ" ሲል የሚያወራው ስለ ደመናና መብረቅ ብቻ ነው። ስለ ሮኬቱ ጤንነት ምንም አላለም። ሰው ግን 80ውን ሲሰማ ሻንጣ ያዘጋጃል።

አባ_ጉዞ | ነሐሴ 25

በትክክል እኔ።

ዱባይ_ሌሊት | ነሐሴ 26

እኔ ዱባይ የሌሊት ጥበቃ ነኝ። አባ ጉዞ፣ ከሄድክ እዚሁ ጻፍልን። ቀጥታ ስርጭቱን ከፍቼ ስጠብቅ ሁለቴ አለቃዬ ይዞኛል።

ጋሽ_ታክሲ | ነሐሴ 27

ስለ ቦታ በግል የጠየቃችሁኝ ስለበዛችሁ እዚሁ ልመልስ። አርጤምስ የሚነሳው 39ቢ ከሚባለው ፓድ (ማስወንጨፊያ ቦታ) ነው። ለሱ ቲቱስቪልን የሚያህል የለም። ስፔስ ቪው ፓርክ፣ ወይም በአጠቃላይ ዩኤስ 1 ላይ ወንዙን ይዞ ያለው ዳርቻ፤ 18 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ መሐል ላይ ውኃ እንጂ ሌላ የሚጋርድ ነገር የለም። የማክስ ብሩወር ድልድይ ከፍ ስለሚል ያምራል፣ ግን መኪና ማቆሚያው ገና ሳይነጋ ይሞላል። ፕላያሊንዳ ቅርብ ነው ብላችሁ እንዳትሄዱ፣ ለዚህኛው ይዘጋል። ከኮኮዋ ቢችም ይታያል፣ ግን ይርቃል።

ወንበር፣ ጥላ፣ የትንኝ ቅባት፣ ውኃ። ሽንት ቤት ስትደርሱ ወዲያው የት እንዳለ እዩ። ቤንዚን ሙሉ ይሁን። እየመጣችሁ ያለው ከመቶ ሺዎች ጋር ነው፣ ሁሉም የሚመለሰው በአንድ ሰዓት ነው።

አባ_ጉዞ | ነሐሴ 28፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት

ይኸው መጣን 🙈 ልጄ፣ እኔ፣ እናቴ። እናቴ "አልመጣም" ብላ ነበር፤ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ነጠላዋን ለብሳ መኪናው ውስጥ ተቀምጣ አገኘኋት። ፀሐዩ ገና ከጠዋቱ ይጋረፋል። ኔትወርክ የለም ማለት ይቻላል።

አባ_ጉዞ | ነሐሴ 28፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት

ሃይድሮጂን እያፈሰሰ ነው ይላሉ። ለመዝጋት ደጋግመው እየሞከሩ ነው። ልጄ እንቁላል ሳንድዊቹን ይዞ ቆሟል፣ አይበላም።

ኬሚስትሪ_11ኛ | ነሐሴ 28

ቡታጋዝ ስትቀይሩ መገጣጠሚያው ላይ የሳሙና አረፋ ቀብታችሁ ታያላችሁ አይደል? ሃይድሮጂን ከሁሉም ጋዝ ቀላሏ፣ እጅግ ትንሽ ቅንጣት ናት። ሌላው የማያልፍበት ቀዳዳ ለሷ አስፋልት ነው። በዚያ ላይ ቅዝቃዜው ብረቱንም ጎማውንም ያኮማትረዋል። ሳይቀዘቅዝ ግጥም ያለው መጋጠሚያ ሲቀዘቅዝ ይከፈታል። አሁን ሞቅ እያደረጉ፣ እንደገና እያቀዘቀዙ፣ ራሱን እንዲያስተካክል ነው የሚሞክሩት።

አባ_ጉዞ | ነሐሴ 28፣ ከረፋዱ 5፡25

ስክራብ።

ሦስቴ ሞክረው አልሆነም። እናቴ ጥላዋን አጥፋ ተነሳችና ምን አለች መሰላችሁ? "ቀበሌ ነው እንዴ? ኃላፊው ስብሰባ ገብቷል፣ ሰኞ ተመለሱ በለኛ።" ዙሪያችን ያሉ ፈረንጆች ምን እንዳለች ጠየቁኝ። ተርጉሜላቸው ሳቁ። ልጄ ግን አልሳቀም።

አዲስ_መጤ_ታምፓ | ነሐሴ 28

እኔ ይባስ። እዚህ ክር ላይ "8፡17" ሲል አንብቤ ከጠዋቱ 8፡17 መስሎኝ በጨለማ ነድቼ መጣሁ። ስድስት ሰዓት ቀድሜ መጥቼ የተሰረዘ ሮኬት አየሁ።

ጋሽ_ታክሲ | ነሐሴ 28

አባ ጉዞ፣ አሁን ወደ አትላንታ እንዳትነዳ። ስማኝ። ነገ እሁድ ማታ 4 ሰዓት ገደማ ከ40ኛው ፓድ ፋልከን 9 የሚባለው የስፔስኤክስ ሮኬት ይነሳል። እነሱ እንደ አውቶቡስ ናቸው፣ በቀናቸው ይሄዳሉ ማለት ይቻላል። ሌበር ዴይም ስለሆነ ሰኞ ሥራ የለህም። እናትህ መሬት ላይ አያድሩም፣ ቤቴ ኑ። ስልኬን በግል ልኬልሃለሁ። ባለቤቴ ሽሮውን ጥዳለች፣ እንቢ ማለት የለም።

አባ_ጉዞ | ነሐሴ 30

ተመልሰናል። ከዚህ በላይ ሊጻፍ የሚገባው የጋሼና የባለቤታቸው ቤት ነው። እናቴና እትዬ ቡና ሲያፈሉ ሁለቱም ዶሮ ማነቂያ ያደጉ መሆናቸው ታወቀ። ከዚያ በኋላ ሮኬት ማንም አላነሳም። ሦስተኛው ጀበና ላይ ልጄ እጄን ጎተተኝ።

ማታ ፖርት ካናቬራል በኩል ሄድን። ሰው ጥቂት ነው። አሳ የሚያጠምዱ ሽማግሌዎች ዞር ብለው እንኳ አያዩም። ድንገት አድማሱ ብርቱካንማ ሆነ፤ አንድ ብርሃን ያለ ድምፅ ተነሳ። ድምፁ ዘግይቶ መጣ፣ ከሩቅ የሚንደረደር የጭነት መኪና ይመስላል። እናቴ "በስመ አብ" አለች። ልጄ እየዘለለ ነበር። ካበቃ በኋላ ግን መኪና ውስጥ "አባዬ፣ ይሄ ትንሹ ነው አይደል?" አለኝ። ይሄ 70 ሜትር ነው፤ ያኛው 98። አንዴ ቁመቱን ያጠና ልጅ አይታለልም።

አንድ ቀርታኛለች።

ኬሚስትሪ_11ኛ | መስከረም 2፣ 2015

እንኳን አደረሳችሁ! አዲሱ ቀን መጣ፦ መስከረም 17፣ ከረፋዱ 5፡37። ልብ በሉ፣ መስቀል ነው!

ዱባይ_ሌሊት | መስከረም 2

ትልቁ ችቦ 🔥 ናሳ ደመራ ሊያበራልን ነው።

አባ_ጉዞ | መስከረም 3

እናቴ ሰማችና "በመስቀል ዕለት የትም አልሄድም፣ እነሱም ባይሄዱ ይሻላቸዋል" አለች። እኔም ማክሰኞ ስለሆነ ፈቃድ አላገኝም። የቀረችኝን አንዷን በማክሰኞ አላጠፋትም። ነርሷ እንዳለችው ቁጥሩ ወረቀት ላይ ነው።

ነርሷ | መስከረም 3

ጎበዝ። ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፈው።

ኬሚስትሪ_11ኛ | መስከረም 12

ትናንት ነዳጅ የመሙላት ሙከራ አድርገው ተሳክቷል። በዝግታ፣ በለሆሳስ ነው የሞሉት። ማፍሰሱ ብቅ ብሎ ነበር፣ አረጋግተውታል።

ጋሽ_ታክሲ | መስከረም 14

ቀርቷል። ሐሩር ማዕበል ከካሪቢያን እየመጣ ነው፣ ስሙ ኢያን። ፍሎሪዳ ያላችሁ ሮኬቱን ተዉትና ውኃና ባትሪ ግዙ። መኪናችሁ ሙሉ ነዳጅ ይኑረው።

ኬሚስትሪ_11ኛ | መስከረም 17

የሚገርም ነገር። ትናንት እኛ ደመራ ለኩሰን ቤታችን ገብተን ስንተኛ፣ እነሱ በሰዓታቸው ከምሽቱ 5፡21 ላይ ሮኬቱን ከፓዱ አንስተው ወደ መገጣጠሚያው ሕንጻ ማንቀሳቀስ ጀመሩ። ሲያጓጉዘው ያደረው ባለ ሰንሰለት ተሽከርካሪ ሲፈጥን በሰዓት አንድ ማይል እንኳ አይሞላም። 7 ኪሎ ሜትር የማትሞላ መንገድ ሌሊቱን ሙሉ ሄዶ ጠዋት ገባ። በእግር የሚሄድ ልጅ ይቀድመዋል።

የጉርድ_ሾላው | መስከረም 17

የኛ ሰፈር ታክሲ ነው በለው።

ጋሽ_ታክሲ | መስከረም 21

ደህና ነን፣ ለጠየቃችሁን ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልን። እኛ ጋ መብራት ጠፍቶ ነበር። ከመንገዱ ማዶ ያሉት ጎረቤቶቻችን ቤታቸው ውኃ ገብቶ ሁለቱ ቤተሰቦች እኛ ጋ አድረዋል። በ24 ዓመት ኦርላንዶ ውስጥ እንዲህ ያለ ጎርፍ አላየሁም።

አባ_ጉዞ | ጥቅምት 10

እናቴ ትናንት ወደ አዲስ አበባ ተመለሰች። ኤርፖርት ላይ ልጄን አቅፋ "የኔ ጌታ፣ ሲሄድ ደውልልኝ፣ ሌሊትም ቢሆን" አለችው። እሱም "አያቴ፣ ላይሄድ ይችላል" አላት። ጋሼ ያሉኝን ነገር እሱ ራሱ ተማረው።

ኬሚስትሪ_11ኛ | ጥቅምት 26

ሮኬቱ ትናንት እንደገና ፓድ ላይ ወጥቷል። ቀኑ ኅዳር 5፣ ከሌሊቱ 6፡07 ነው።

ጋሽ_ታክሲ | ጥቅምት 30

ሌላ ማዕበል መጣ። ይሄኛው ኒኮል ነው። አሁንስ ሮኬቱን አላስገቡትም፣ ጊዜ አልበቃቸውም፤ ሜዳ ላይ ቆሞ ሊያሳልፈው ነው።

ኬሚስትሪ_11ኛ | ኅዳር 2

ቆሞ አሳለፈው። ጫፉ ላይ ካለው ካፕሱል ሥር ማሸጊያ ነገር ተላጠ እንጂ። ቀኑም ወደ ኅዳር 7፣ ረቡዕ ከሌሊቱ 7፡04 ተዛወረ። ዕድሉ ሁለት ሰዓት ነው።

አባ_ጉዞ | ኅዳር 4

ረቡዕ ትምህርት ቤት አለ። ሌሊት ነው። የመጨረሻዋ ናት። ምን ትላላችሁ?

ነርሷ | ኅዳር 4

ሌሊት ስለሆነ ማክሰኞ ከትምህርት ቤት መልስ ከነዳህ የምታጠፋው አንድ ቀን ብቻ ነው። ከቀረ ረቡዕ ጠዋት ተመልሰህ ትገባለህ። ከሁሉም ቀናት ርካሹ ይሄ ነው። ለአስተማሪው እውነቱን ጻፍለት። "ሆዱን አሞታል" ብለህ ልጁን ውሸት አታስተምር።

ጋሽ_ታክሲ | ኅዳር 4

እኔም እመጣለሁ። ሥራ የለኝም፣ ጡረተኛ ነኝ። ዘንድሮ መሪ አልይዝም።

አባ_ጉዞ | ኅዳር 6፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት

ከጋሼ ጋር ወንዙ ዳር ነን። ብርድ አለ፣ ለፍሎሪዳ። እንደገና ማፍሰስ ጀመረ አሉ። ልጄ ኩለሩ ላይ ተቀምጦ "እሺ" አለ። "እሺ" ብቻ።

ኬሚስትሪ_11ኛ | ኅዳር 7

ይሄ በየቀኑ የሚታይ አይደለም፦ ሮኬቱ ነዳጅ ሞልቶ ቆሞ ሳለ ሦስት ሰዎች ሥሩ ድረስ ሄደዋል። የማስወንጨፊያው መድረክ ላይ ያለ ቫልቭ ብሎኑ ላልቷል፣ እሱን ሊያጠብቁ ነው። በቁልፍ! ለተማሪዎቼ ጠዋት የማስተምረው ይሄንን ነው።

ዱባይ_ሌሊት | ኅዳር 7

አለቃዬም አብሮኝ እያየ ነው አሁን 😂

ኬሚስትሪ_11ኛ | ኅዳር 7

ብሎኑ ጠበቀ። አሁን ደግሞ ራዳሩ መረጃ አይልክም፣ አንዲት የኔትወርክ ዕቃ ተበላሽታ እየቀየሯት ነው። 7፡04 አልፏል። ቆጠራው 10 ደቂቃ ሲቀረው ቆሟል።

አባ_ጉዞ | ኅዳር 7፣ ከሌሊቱ 8፡30

ሄደ። ሄደ። ሄደ። መጻፍ አልቻልኩም፣ እጄ ይንቀጠቀጣል። ኋላ እመለሳለሁ።

አባ_ጉዞ | ኅዳር 8

ተኝቼ ተነሳሁ። ልንገራችሁ።

7፡40 ላይ ጋሼ "ዛሬም ከቀረ የኔ ገድ ነው፣ መኪናው ውስጥ ልግባ?" አሉ። ልጄ እጃቸውን ይዞ አስቀመጣቸው። እናቴን በስልክ አገኘናት። አዲስ አበባ ጠዋት ነው፣ ቀጥታ ስርጭቱን ከፍታ ቁርሷን እየበላች። ስልኩ ኩለሩ ላይ በድምፅ ማጉያ ተቀምጧል።

7፡47። መጀመሪያ ያየሁት ውኃውን ነው። ጥቁር የነበረው ወንዝ ከዳር እስከ ዳር ቢጫ ሆነ። ቀና ስል አንድ ጸሐይ ከመሬት እየወጣች ነው። የሰዉ ፊት ሁሉ በራ፤ የጋሼን ነጭ ጢም አንድ በአንድ ማየት ይቻላል። ድምፅ ግን የለም። ፍጹም ጸጥታ። ልጄ ብርሃኑን እንዳየ መቁጠር ጀምሮ ነበር፣ በሹክሹክታ፣ በአማርኛ። ድምፁ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚመጣ ሊያሰላ። "ሃምሳ አንድ፣ ሃምሳ ሁለት፣ ሃምሳ ሦስት" ሲል ደረሰ። ድምፅ ነው ለማለት ይከብዳል። ደረቴ ላይ ነው የሰማሁት። ኩለሩ ላይ ያለው ስልክ ተንቀጠቀጠ። ከኋላችን የቆመ መኪና አላርም ጮኸ።

በዚህ ሁሉ መሐል እናቴ በስልኩ "ገና ነው፣ ገና አልተነሳም፣ እየቆጠሩ ናቸው" ትላለች። ስርጭቱ ይዘገያል ለካ። ልጄ "አያቴ ሄዷል! ሄዷል!" እያለ ይጮኻል። እሷ "የለም፣ ቆሟል፣ እያየሁት ነው" ትላለች። ትንሽ ቆይታ እዚያ እልል አለች። እልልታዋ ከሮኬቱ ጩኸት ጋር አንድ ላይ መጣ።

ሁለት ደቂቃ ካለፈ በኋላ ሁለት ፍንጣሪዎች ከጎኑ ተለይተው ወደቁ። ከዚያ ኮከብ አክሎ ቀረ። ጋሼን ዞር ብዬ ሳይ መነጽራቸውን እየወለወሉ ነው። ምንም አላልኳቸውም።

መንገዱ? ከመኪና ማቆሚያው ለመውጣት ብቻ ሁለት ሰዓት። ልጄ ገና ሳንንቀሳቀስ ተኝቷል።

የጉርድ_ሾላው | ኅዳር 8

እኔም አየሁት፣ በስልክ። ከ4.1 ቢሊዮኑ ላይ አንድ አሥር ብር የሚያህል ደስ ብሎኛል።

አዲስ_መጤ_ታምፓ | ኅዳር 8

እኔ ተኝቼ አመለጠኝ። 7፡04 ሲል ከጠዋቱ ነው ብዬ።

ነርሷ | ኅዳር 9

🤦🏾‍♀️

ኬሚስትሪ_11ኛ | ታኅሣሥ 3

ካፕሱሉ ትናንት ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ በሰላም አረፈ። ከ25 ቀን በላይ ቆይቶ። የሚቀጥለው አርጤምስ 2 ሲሆን አራት ሰዎች ተሳፍረውበት ነው የሚሄደው። ቀኑ ሲነገር እዚህ እጽፋለሁ።

ጋሽ_ታክሲ | ታኅሣሥ 4

አባ ጉዞ፣ የኩለርህ ክዳን እኔ መኪና ውስጥ ቀርቷል። ለሁለተኛው ስትመጡ ትወስዱታላችሁ። ቀኑን ግን አትንገሩኝ፤ ዝም ብላችሁ ኑ፣ ሽሮው ይኖራል።